ለመዲናዋ የተበየደ መጠበቂያ

ብርሃነ መስቀል መጀመሪያ ብረቱን በጨርቅ ይጠርገዋል። ቱቦላሬ የሚባለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው አራት ማዕዘን ብረት ከመደብር ሲመጣ ዘይት ለብሶ ነው፤ ዘይቱ ካልለቀቀ ብየዳ አይይዝም። ከዚያ ሜትሩን ይዘረጋና የሚቆርጥበትን ቦታ በሚስማር ጫፍ ይጭራል። በጠመኔ አያሰምርም፤ የጠመኔ መስመር ይወፍራል፣ የወፈረ መስመር ደግሞ መጋዝን ያሳስታል። ብረቱን ሞርሳ በሚባለው መንከሻ አጥብቆ ይቆርጠዋል። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ ያለሰልስና አውራ ጣቱን ዳር ዳሩን ያስኬደዋል፤ ጣቱን ካልቧጨረው ያልፋል፣ ከቧጨረው ወደ ሞረዱ ይመለሳል። ሁለቱን ብረቶች ማዕዘን ላይ ያጋጥምና መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ አድርጎ ያጣብቃቸዋል። ማዕዘን መለኪያውን ያስጠጋል። በመሀል ብርሃን ከታየው በመዶሻ ጫፍ ኳ፣ ኳ አድርጎ ይመልሰዋል። ልክ ሲገባለት ጥቁር መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይጥልና ዳር እስከ ዳር ይበይዳል። ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት የሚያራግፈው ሲቀዘቅዝ ነው።

ባለፈው የካቲት እንዲህ ሲሠራ ሚስቱ ፍቅርተማርያም ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ በሱቁ በኩል አለፈች። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ በር ላይ ቆመች።

«ለቤታችን በር እንዲህ አልተጨነቅክም ነበር» አለችው።

«የቤታችንን በር ማን ያየዋል?»

«ይሄንንስ ማን ሊያየው ነው?»

«አዲስ አበባ!» አላት፤ ቀና ሳይል።

ሱቁ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ወደ አንኮበር በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ቆርቆሮ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ፣ የተሰበረ የባጃጅ ጣራ፣ የመጣለትን ሁሉ ይሠራል። ደንበኛ አያጣም። ሥራውም አይታማም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሰውየው ቀናተኛ ነው። ይህን የምጽፈው ከጀርባው አይደለም፤ ፊቱ ብናገረው አይክድም።

በሚስቱ አይቀናም፣ በጎረቤቱ አይቀናም። የሚቀናው በአዲስ አበባ ነው። ዕቃ ሊገዛ ወርዶ ሲመለስ ሁለት ቀን ፊቱ አይፈታም። የመንገድ መብራት ምሰሶ ያያል፤ «እግሩን አሳንሰውታል» ይላል። የእግረኛ ድልድይ ያያል፤ ከሥሩ ገብቶ ብየዳውን ይመረምርና ስንጥቅ ካጣ የባሰ ይናደዳል። የተወለደው አንኮበር ስለሆነ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል፤ አዲስ አበባ ገና ቁጥቋጦና ፍል ውሃ ሳለች የሸዋ ዋና ከተማ አንኮበር ነበረች። ከዚያም በፊት ደብረ ብርሃን ንጉሥ ተቀምጦባታል። ታዲያ መዲናነቱ በምን ሒሳብ ነው ከእኛ ተነሥቶ እዚያ የቀረው?

«አንተ እኮ» ትለዋለች ፍቅርተማርያም፣ «ንጉሥ ትቷት የሄደ ሚስት ነው የምትመስለው። እሱ ሌላ አገባ፣ ወለደ፣ ከበደ። አንቺ ዛሬም ደጅ ደጁን ታያለሽ።»

ሰው ቢስቅም እሱ አይስቅም።

ይህን የታክሲ መጠበቂያ ያዘዘው ወልደጻድቅ ነው። ሁለቱ ደብረ ብርሃን ላይ ብየዳ የተማሩት አብረው ነው፤ በአንድ ሞርሳ ተራ እየጠበቁ። ወልደጻድቅ ሙያውን እንደያዘ አዲስ አበባ ወረደ፤ የራሱን ሥራ ተቋራጭ ድርጅት አቋቋመ። አሁን ደግሞ የምርጫ ምልክቱ መሰላል የሆነ አንድ ፓርቲ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት አጭቶታል። ፓርቲው የመዲናዋን ኑሮ ለማሻሻል ያዘጋጀውን የፖሊሲ አማራጭ ሲጽፍ የመንገድና የትራንስፖርቱን ክፍል የጻፈው ወልደጻድቅ ነው።

በየካቲት መኪናውን ሱቁ በር ላይ አቆመና ወረደ። ቀጭን ጃኬት ነው የለበሰው። ነፋሱ ሲመታው ትከሻው ጆሮው ደረሰ።

«ኧረ ይሄ አገራችሁ ሰው ይገላል!» አለ።

«አገራችሁ አልክ?» አለው ብርሃነ መስቀል። «እዚሁ ውርጭ ላይ አይደል እንዴ ያደግከው?»

«ረስቼዋለሁ ወንድሜ፤ ደሜ ቀጥኗል።»

ብርሃነ መስቀል ይህችን «ረስቼዋለሁ» እስከ ዛሬ ያነሣታል።

ወልደጻድቅ ዙሪያ ጥምጥም አላለም። ፓርቲው ታክሲ በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ወንበርና ጣራ ያለው መጠበቂያ አቆማለሁ ብሏል። ሕዝቡ ግን ወረቀት ሰልችቶታል። ስለዚህ ከምርጫው በፊት አንድ ናሙና ሠርተው አንድ ታክሲ ተራ ላይ ሊያቆሙና «የምንለው ይሄንን ነው፤ ተቀመጡበትና ፍረዱ» ሊሉ አስበዋል።

«አዲስ አበባ በያጅ ሞልቷል» አለ ወልደጻድቅ። «እኔ ግን ያንተን እጅ አውቀዋለሁ። ይሄ ነገር ቢነቃነቅ፣ ቢጣመም፣ ፓርቲው ነው አብሮ የሚጣመመው። ና፣ ዛሬውኑ ልውሰድህና ቦታውን እየው። ሰው እንዴት እንደሚቆም፣ ታክሲው ከየት እንደሚመጣ አይተህ ትለካለህ።»

እዚህ ላይ ነበር መሄድ የነበረበት። ማንኛውም ባለሙያ ቦታውን ሳያይ አይለካም፤ ብርሃነ መስቀልም የሰው በር ሳያይ በር ሠርቶ አያውቅም። ግን ወልደጻድቅ ያንን የሞቀ መኪና በር ከፍቶ፣ በእጁ «ግባ» ሲለው ደሙ ፈላ።

«ታክሲ መጠበቅ ልታስተምረኝ ነው?» አለው። «እኛ እዚህ አህያ ነው እንዴ የምንጠብቀው?»

«እንዲያ አላልኩም…»

«ወንበር፣ ጣራ፣ ሰው የሚያርፍበት። ገብቶኛል። ሂድ፣ ሲያልቅ እደውላለሁ።»

በዋጋው ተስማሙ። ወልደጻድቅ ሲሄድ አንድ ባለ ቀለም መጽሔት ጥሎለት ሄደ፤ ሽፋኑ ላይ መሰላል አለበት፤ ከሥሩ «የተሻለ ኑሮ ለመዲናችን» ይላል።

በዚያ ሰሞን ከሥራ ሲመለስ መጽሔቱን ሁሉ ለፍቅርተማርያም ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር። ማንበቡ ለማወቅ ሳይሆን ለመናደድ ነው።

«ስሚ፤ 'በየገበያው ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ ቋሚ ጠባቂ ተቀጥሮለት፣ ውሃ በጋን ሳይሆን በቧንቧ…' በቧንቧ! የእኛ ቅዳሜ ገበያ ሰው የት ነው የሚሄደው? ከአጥር ጀርባ አይደለም?»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለችው እግሯን ለብ ባለ ውሃ እየታጠበች። «ፋብሪካችን ውስጥ ጠባቂ ከተቀጠረ ወዲህ ልዩነቱን አይተነዋል።»

«ጥሩ መሆኑን መቼ ጠላሁ? ለምን ለእነሱ ነው የምለው። ይኸው፤ 'የቤት ኪራይ በዓመት ከተወሰነ በላይ እንዳይጨምር፣ ተከራይ ያለ በቂ ጊዜ እንዳይወጣ።' የእህትሽን ልጅ እዚህ ቀበሌ ውስጥ በሳምንት ማስጠንቀቂያ አይደል ያስወጧት? ይኸው ደግሞ፤ 'ውሃ የሚመጣበትና የማይመጣበት ቀን ለየሰፈሩ አስቀድሞ በስልክ ይነገራል።' አስቀድሞ! እኛ የውሃውን ቀን የምናውቀው ጎረቤት ባልዲ ሲያንኳኳ ነው!»

«ቀጥል።»

«'ለገበያ ሴቶች ሕፃናት ማቆያ፣ ከገበያው በእግር በሚደረስበት ቦታ።' 'የማይቋረጥ የእግረኛ መንገድ፣ ዛፍ የተተከለበት።' ዛፍ! ጥላ ፈልገው ነው። እኛ ፀሐይ ስናገኝ ነው እልል የምንለው።»

«ታዲያ በጥላም ቀናህ?»

«ቀናሁ» አላት። «እኔ የማልፈልገውንም ቢሆን ለእነሱ ሲሰጥ ደስ አይለኝም።»

ፍቅርተማርያም መጽሔቱን ተቀብላ የኋላ ገጹን ገለጠችው። ፓርቲው ከመዲናዋ ውጭ ስላሉ ከተሞች የጻፈው እዚያ ነበር፤ አንድ አንቀጽ። «የክልል ከተሞችንም እንደየአቅማቸው» ይላል፣ ከዚያ አራት ነጥብ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለትና ዘጋችው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች። «አንተ ሥራህን ሠርተህ ስጥ፣ በቃ።»

እሱ ግን በቃ አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ነገር ልቡ ውስጥ ገባች። መዲናዋ መሀል የእሱ እጅ የሠራው ነገር ይቆማል። ባለ ከረባቱም፣ ባለ መኪናውም፣ ተማሪውም ይቀመጥበታል። ይወዱታል። ከዚያ አንዱ «ይሄን የመሰለ ነገር ማን ሠራው?» ይላል። ሌላው «ደብረ ብርሃን» ብሎ ይመልሳል። ይህችን አንዲት ቃል ከአዲስ አበባ ሰው አፍ መስማት ነበር የፈለገው። ከዋጋው ይልቅ የቋመጠው ለዚህች ቃል ነው።

ስለዚህ የሚያውቀውን ምርጥ መጠበቂያ ሠራ። ምርጥ ማለት ለእሱ ምን እንደሆነ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን የተሻገረ ሰው ያየዋል። የአንኮበርና የአልዩ አምባ ሚኒባስ የሚሞላው እዚያ ነው። መኪናው ቆሞ ነው የሚጠብቀው፤ ሰው እስኪሞላ ሞተሩን አጥፍቶ። ተሳፋሪ መኪና ሲመጣ አያይም፣ አይሮጥም፤ ተራ አስከባሪው ሲጣራ ብቻ ተነሥቶ ይገባል። የተሳፋሪው ጠላት ነፋሱ ነው። ከምሥራቅ፣ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ የሚመጣው ነፋስ ሜዳውን እያፏጨ ያቋርጥና ጆሮ ይቆርጣል። ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እንደ በግ ተጠጋግቶ ይቆማል። ብርሃነ መስቀልም ከሕፃንነቱ ጀምሮ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሲነሣ የሚታየው ይሄ ነው።

ስለዚህ ጀርባውን እስከ ላይ ድረስ በላሜራ ደፈነው። ሁለቱንም ጎኖች ደፈናቸው። ጣራውን ዝቅ አደረገው፤ ሙቀት እንዳያመልጥ። ወንበሩን ከጀርባው ግድግዳ አስጠጋው፤ ፊት ለፊቱን ደግሞ መግቢያ ብቻ ትቶ እስከ ወገብ ድረስ ጋረደው። ቀለሙን ጥቁር ሰማያዊ ቀባው፤ ጥቁር ፀሐይ ይይዛል። በነፋስ ሰዓት ሚስቱን ውስጡ አስቀመጣትና «ይሰማሻል?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም» አለችው፤ ጋቢዋን ከአፍንጫዋ እያወረደች። «ኧረ ይሄ ከቤታችን ይሞቃል!»

በዚያ ቀን በግ ያረደ ያህል ነው የተደሰተው።

መጠበቂያው አዲስ አበባ የደረሰው በሚያዝያ ነው። ለበዓል ገበያ ምስርና ገብስ ጭኖ በሚወርድ አይሱዙ ላይ አሰሩት፤ ብርሃነ መስቀልም ሸሚዙን ተኩሶ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ። ከላምበረት ብዙም በማይርቅ አንድ ታክሲ ተራ ላይ አወረዱትና በቡሎን አሰሩት። የፓርቲው ልጆች መሰላሉና «የተሻለ ኑሮ ለመዲናችን» የሚለው ያለበት ፖስተር ጎኑ ላይ በሙጫ ለጠፉበት። ወልደጻድቅ ድምፅ ማጉያ ይዞ ስለ ጉዳዩ ተናገረ፤ እውነቱን ለመናገር አልዋሸም፣ አላጋነነም። ሰው በመንገድ ላይ በየቀኑ የሚያባክነውን ዕድሜ፣ በዝናብ የሚቆሙ አሮጊቶችን፣ ነፍሰ ጡሮችን ጠቀሰ። «ተቀመጡበትና ፍረዱ» አለ።

ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐዩ የበጋ መውጫ። ሰዎች ገቡና ተቀመጡ። ፎቶ ተነሡ። ከዚያ አንዱ ግንባሩን ጠረገ።

«ፋዘር፣ ይሄ ስቲም ባዝ ነው?» አለ አንድ ጎረምሳ ወደ ብርሃነ መስቀል ዞሮ። «ፎጣውስ?»

ሳቅ ሆነ። በዚህ መሀል ታክሲ መጣ። አዲስ አበባ ታክሲ ቆሞ አይጠብቅም፤ ከሩቅ ይታያል፣ ፍጥነቱን ቀንሶ በሩን ይከፍታል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ ያየው ይገባል፣ ያላየው ይቀራል። «መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው!» ውጭ የቆሙት ሮጠው ገቡ። ውስጥ የተቀመጡት ጎኑ ስለተደፈነ ምንም አላዩም፤ ጩኸቱን ሰምተው ብድግ ሲሉ እርስ በርስ ተጋጩ፣ በጠባቧ መግቢያ ሲወጡ ታክሲው ሄዷል። ሁለተኛው ሲመጣም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ውስጥ የቀሩት አንዲት ባልቴት ብቻ ናቸው። ሌላው ሕዝብ ውጭ፣ መጠበቂያው ራሱ በጣለው ጥላ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል።

«ልጆቼ» አሉ ባልቴቷ ከውስጥ፣ «ምን አጥፍቼ ነው የሸሸጋችሁኝ?»

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። «ጉረኖ ነው!» አለ አንዱ። «የዘብ ቤት ነው፣ ጠመንጃ ስጧቸው!» አለ ሌላው። ብርሃነ መስቀል እጁን ኪሱ ከቶ፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ቆመ። ስህተቱ ወዲያው ገብቶታል፤ እሱ የሠራው ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ላለው ብርዳም አገር ነው። ይህ ሕዝብ ግን የሚፈልገው ማየት ነው፤ አንገቱን አስግጎ፣ አንድ እግሩን አስፋልት ላይ አድርጎ ማየት።

ወልደጻድቅ ድምፅ ማጉያውን አነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ንድፍ አልሰጠሁትም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ናሙና የምንሠራው፤ ሺህ ቦታ ላይ ከምንሳሳት አንድ ቦታ ላይ መሳሳት ይሻላል። ብየዳውን ግን ተመልከቱት፤ የጓደኛዬ እጅ ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ድረስ መጥቶ ነው።»

ሰዉ አጨበጨበለት። ለወልደጻድቅ። ይህ ጭብጨባ ብርሃነ መስቀልን ከሳቁ የባሰ ነው የቆረጠው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ያ ሰው ተቃጥሎ፣ ተዋርዶ፣ ተናዶ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን ወሰደለት፤ ከዚያም በላይ አመሰገነው። መዲናዋ ታክሲና መብራቱ አልበቃ ብሏት ትልቅ ልብም ለራሷ ወስዳለች።

«ጎኖቹን እንቁረጣቸውና እንየው» አለ ወልደጻድቅ ኋላ ላይ ጠጋ ብሎ። «ግራይንደር አስመጣለሁ።»

«ማንም እንዳይነካው!»

«ብርሃነ…»

«ይዤው እመለሳለሁ አልኩህ። የሚፈልገው ሰው አለ።»

አይሱዙው ባዶውን ስለሚመለስ መልሰው ጫኑት። ፖስተሩን መንገድ ላይ ሊልጠው ሞከረ፤ ሙጫው የዋዛ አልነበረም፤ መሰላሉ ግማሹ እንደተለጠፈ ቀረ፣ «ለመዲናችን» የሚለውም ሳይላጥ ቀረ።

ከሱቁ ፊት ለፊት፣ የአንኮበር ሚኒባስ ተራ ላይ እንዲያቆመው የተራ አስከባሪዎቹ ማኅበር ወዲያው ፈቀደለት፤ የከተማው ሰዎችም «ለጊዜው» አሉት። ጀርባውን ለምሥራቅ ሰጥቶ ተከለው። በማግስቱ ገበያ ነበር። ከአልዩ አምባ ሎሚና ቃሪያ ይዘው ወጥተው የሚሸጡ ሴቶች ወደ ቤታቸው ለመመለስ መጡ፤ ከእነሱም አንዷ ሙስሊማ የምትባል ነች፤ ቆላ ያደገች፣ የደብረ ብርሃንን ነፋስ እንደ ጅብ የምትፈራ ነጋዴ። ባዶ ዘንቢሏን አስቀድማ ገባች፣ ተቀመጠች። ከዚያ ሻርፗን ከአፏ ላይ አነሣች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «ነፋሱ የት ሄደ?»

ብርሃነ መስቀል ከሱቁ ወጥቶ ሊሰማት ቆመ። ልቡ ሞቀ።

«አዲስ አበባ ለእኛም አሰበችልን ማለት ነው!» አለች ሙስሊማ።

«ምን?» አለ። መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ምን አልሽ እቴ ሙስሊማ?»

«ይሄን የመሰለ ቤት ላከችልን ነው የምልዎ ጋሼ ብርሃነ።»

«አዲስ አበባ አይደለችም የሠራችው፣ እኔ ነኝ!»

«እርስዎማ በር ነው የሚሠሩ።»

«ይሄንንም እኔ ነኝ የሠራሁት!»

ሙስሊማ ሌሎቹን ሴቶች አየች፤ እነሱም እሷን አዩ። «ወላሂ» አለች በትዕግሥት፣ ልጅ እንደምታባብል፣ «ትናንት ለገበያ ስገባ ከአዲስ አበባ መኪና ላይ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ይኸው ጽሑፉም አለበት፤ የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። 'ለመዲናችን' ይላል። መዲና ማለት አዲስ አበባ አይደለች? እርስዎን ያስቸገሩት በማውረዱ ይሆናል። አላህ ይስጥልን፤ ማውረድም ቀላል አይደለም።»

እሱ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ተራ አስከባሪው ቀደመው። «አንኮበር! አልዩ አምባ! የአዲስ አበባው ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ ግቡ!»

ስሙ በዚያው ጸና። የአዲስ አበባው። «የአዲስ አበባው ጋ ጠብቂኝ።» «ከአዲስ አበባው ፊት ለፊት ያለው በያጅ።» ሱቁም ምልክቱ ይሄ ሆነ። ሰውዬው ፖስተሩን በሞቀ ውሃና በሽቦ ብሩሽ አጠፋው፤ ስሙ ግን በብሩሽ አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ እየተሻገረ ያስረዳ ነበር። አንዳንዱ ያምነዋል፤ አብዛኛው «እንዲያ ነው?» ብሎ ጫማውን ያያል። አዲስ አበባ መዲናነቱን ከአንኮበር ወሰደች፤ አሁን ደግሞ የእሱን ብየዳ ወሰደች። ይህንን ሲናገር እየቀለደ አይደለም።

በግንቦት ወልደጻድቅ ደወለ።

«አገኘነው» አለው። «ባለፈው የሆነው ጠቅሞናል። ተራው ላይ ሰው አቁመን የተሳፋሪውን ሐሳብ ሰበሰብን። ጎኑ ክፍት፣ ጣራው ከፍ ያለ፣ ቀለሙ ነጭ። ንድፉ ተሠርቷል። አሁንም አንተ እንድትሠራው ነው የምፈልገው። ይሄኛው ከምርጫው በኋላም የሚቀር ነው፤ ወረዳው ቋሚ ቦታ ፈቅዶልናል።»

ቋሚ። መዲናዋ መሀል። የተመኘው ነገር እንደገና በሩን አንኳኳ። መልሱ «እሺ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ ተራ አስከባሪው ጉሮሮውን ጠረገና ጮኸ፤ «የአዲስ አበባው ውስጥ ያላችሁ!»

«አዲስ አበባ በያጅ የላትም እንዴ?» አለ ብርሃነ መስቀል ስልኩ ላይ።

«አላት እንጂ። አንተን ብዬ ነው።»

«ያሏት ይሥሩላት። ሁሉ አላት አይደል? ይሄም ይኑራት!» ዘጋው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ ያገራችን ሰዎች፤ የገደል ዳር ሰው ስለሆንን ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን። ስልኩን ገና ከጆሮው ሳያነሣ ቆጨው። ኩራቱ እስኪበርድለት ሲጠብቅ ጊዜ ሄደ። መልሶ ሲደውል ወልደጻድቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ወንድሜ፣ ሥራውን እኮ ለሌላ ሰው ሰጠሁት። እዚሁ ሰፈራችን ያለ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው» አለው።

«ጎበዝ ነው?»

«እውነቴን ነው፤ ጎበዝ ነው።»

ፍቅርተማርያም ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችበትም። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ የመጨረሻውን አጣጥፋ አስቀመጠች። «አንድ ቃል ልትሰማ አይደል የፈለግከው፣ ደብረ ብርሃን የሚል?» አለችው። «ሊሉልህ በር ላይ መጡ፣ በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ። በማን ልትፈርድ ነው እንግዲህ?»

«በአዲስ አበባ» አላት።

«አይ አንተ ሰው!» አለች፤ ሳቀችም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አዲሱ መጠበቂያ ገና እየተሠራ ነው። ፓርቲው ያሸንፍ፣ ይሸነፍ፣ መጸዳጃ ቤቱንና የውሃውን ቀን ይፈጽመው፣ አይፈጽመው፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ሐሳቦቹን አንብቤያቸዋለሁ፤ መጥፎ አይደሉም፤ አንዱን ሐሳብ መንገድ ላይ አቁመው ሰው ሲስቅባቸው ተመልሰው ማረማቸውን ግን ወድጄላቸዋለሁ። ብርሃነ መስቀል ይህን ብነግረው ሁለት ቀን አያናግረኝም። ጽሑፉ አዲስ አበባ ባለ ሰው እጅ እንደሚገባ ስነግረው ግን መዶሻውን አስቀመጠና እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ አለ፤

«አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በዚያ ተራ የምታልፉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ያ ልጅ የሠራው ሲተከል ሄዳችሁ እዩልኝ። ቀለሙን አልጠየቅኳችሁም፣ ማን ምን ተናገረ አልጠየቅኳችሁም። ሰው ተቀምጦበታል ወይስ ውጭ ቆሟል? ይችን ብቻ ንገሩኝ። ውጭ ከቆመ ወዲያው ደውሉልኝ፤ ሥራ ላይ ብሆንም አነሣለሁ። ከተቀመጠበት ግን… ከተቀመጠበት ለእኔ አትደውሉ። ለፍቅርተማርያም ንገሯት፤ እሷ ቀን መርጣ ትነግረኛለች።»